ዲሽ፣ ሪሲቨር፣ ፕላዝማ፦ የቴሌቪዥን ዕቃዎች ስማቸውን ከየት አገኙ?

የቴሌቪዥን ምስል ድንገት ሲጠፋ በከተማም ሆነ በገጠር ቤቶች ቀድሞ የሚሰማው ንግግር "ዲሹ ተበላሽቷል" የሚል ነው። ነገር ግን ዲሽ የሚባለው ሳህን ከቴሌቪዥን ዕቃዎች ሁሉ ለብልሽት የራቀው ነው። ኤሌክትሪክ አያልፍበትም፤ የሚቃጠልም ሆነ የሚደክም አካል የለውም። ካልተጣመመ፣ ክፉኛ ካልዛገ ወይም ነፋስ ከአቅጣጫው ካላዞረው በስተቀር ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። ምስሉን ያጠፋው ከሳህኑ ፊት ለፊት የተሰቀለው ትንሽ ዕቃ፣ ገመዱ፣ ሪሲቨሩ ወይም ጣቢያው ራሱ ያደረገው ለውጥ ሊሆን ይችላል።

የስም መደበላለቁ ዋጋ ያስከፍላል። "ዲሽ" የሚለው አንድ ቃል ለሳህኑም፣ ለዕቃው ስብስብም፣ ለአገልግሎቱም ስለሚውል ባለቤቱ የትኛው እንደተበላሸ ሳይለይ ሌላ ሙሉ ዕቃ እስከ መግዛት ሊደርስ ይችላል። ዕቃዎቹን ለይቶ ለማወቅ አንዱ መንገድ ስማቸው ከየት እንደመጣ መረዳት ነው። ስሞቹ መጀመሪያ ሲወጡ የዕቃውን ቅርጽ ወይም ሥራ ለመግለጽ ነበርና። ብዙዎቹም የተወሰዱት ከእርሻ፣ ከመርከብ፣ ከማዕድ ቤትና ከከብት ማሰሪያ ነው።

ከዕቃው ቀድሞ የተወለደ ስም

"ቴሌቪዥን" ከሁለት ጥንታዊ ቋንቋዎች የተጋባ ቃል ነው። "ቴሌ" በግሪክ "ሩቅ" ማለት ሲሆን፣ "ቪዢዮ" ደግሞ በላቲን "ማየት" ማለት ነው። ሲጣመሩ "ሩቅን ማየት" የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ቃሉን ኮንስታንቲን ፐርስኪ የተባለ ሩሲያዊ ምሁር እ.አ.አ በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ተጠቅሞበታል። በዚያን ጊዜ ምስልን በሞገድ አሳልፎ የሚያሳይ መሣሪያ ገና አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጆን ሎጊ ቤርድ በለንደን የሚንቀሳቀስ ምስል በቴሌቪዥን ያሳየው እ.አ.አ በ1926 ነው። ስሙ ዕቃውን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ጠብቆታል ማለት ነው።

"ቴሌ" የሚለው ክፍል በኢትዮጵያ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። "ቴሌፎን" የሩቅ ድምፅ ማለት ቢሆንም፣ የአማርኛ ተናጋሪው መሣሪያውን "ስልክ" ብሎ ጠራው፤ ቃሉ በዓረብኛ "ሽቦ" ማለት ነው። "ቴሌ" ግን የአገልግሎት ሰጪው ድርጅት የዘወትር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም ሲገባ ስሙ ሳይለወጥ ከነዕቃው ገባ።

ሥርጭት፦ ከማሳ ወደ አየር

ጣቢያው ምስሉን ወደ ሕዝብ የሚልክበት ሥራ በእንግሊዝኛ "ብሮድካስት" ይባላል። ቃሉ በኢትዮጵያ ሕጎችና በመሥሪያ ቤት ስሞች ውስጥም ለዓመታት አገልግሏል። መነሻው ግን ከኤሌክትሪክ ጋር ዝምድና የለውም፤ የገበሬ ቃል ነው። "ብሮድ" ሰፊ፣ "ካስት" መወርወር ማለት ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘርን በእጅ እየዘገኑ በማሳው ላይ መበተንን ይገልጽ ነበር። የአማራ ክልል ገበሬ ጤፍን "በብተና መዝራት" የሚለው ይህንኑ ነው። እ.አ.አ በ1920ዎቹ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሲበዙ ቃሉ ከማሳ ወደ አየር ተሻገረ።

ንጽጽሩ ጥልቅ ነው። በብተና የሚዘራ ገበሬ እያንዳንዷ ፍሬ የት እንደምታርፍ አይቆጥርም፤ ጣቢያም መልእክቱ በየትኛው ቤት እንደሚታይ ሳይለይ ለሁሉም ይልካል። የስልክ ጥሪ ግን "በመስመር መዝራት" ነው፤ ከአንድ ሰው ተነሥቶ በታወቀ መንገድ ወደ አንድ ሰው ይሄዳል። አማርኛው "ሥርጭት" የሚለውን ቃል የመረጠው "ተሰራጨ" ከሚለው ግስ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቃል በድምፁ ሳይሆን በሐሳቡ የተረጎመ ስያሜ ነው። ከዚሁ የወጣው "ማሰራጫ" የሚለው ቃል ደግሞ በተራራ ላይ ለሚቆመው መሣሪያ መጠሪያ ሆኗል።

"ቻናል" የሚለውም ስም ገበሬን የሚመለከት ነው። መነሻው "ካናሊስ" የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን የውኃ ቦይ ወይም ቧንቧ ማለት ነው። በሜጫ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚ "ዋናው ካናል" ሲል የሚጠራው የውኃ መንገድና በሪሞት የሚቀያየረው "ቻናል" በአመጣጣቸው አንድ ቃል ናቸው። አንዱ ውኃ፣ ሌላው ምስልና ድምፅ ይሸከማል። ሁለቱም የየራሳቸው ድንበር ያላቸው ቦዮች ናቸው፤ ድንበሩ ከፈረሰ የአንዱ ከሌላው ይቀላቀላል።

የማይታየው ቦይ ድንበር "ፍሪኩዌንሲ" በተባለ ቁጥር ይለካል። ቁጥሩ ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይናገራል። መለኪያው "ኸርዝ" የሚባለው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄንሪክ ኸርዝ በ1880ዎቹ እ.አ.አ ማብቂያ ባካሄዳቸው ሙከራዎች የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን ስላረጋገጠ ነው። በሪሲቨር ላይ የሚታየው "ሜጋኸርዝ" አንድ ሚሊዮን ኸርዝ ነው።

በዲጂታል ሥርጭት አንድ ፍሪኩዌንሲ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ላይ ሊሸከም ይችላል፤ ሪሲቨሩ ከዋናው ቦይ እንደ ቀለበው ውኃ ለየመደቡ ይከፋፍለዋል። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። ጥቂት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ጠፍተው ሌሎቹ በደንብ የሚታዩ ከሆነ፣ የተለወጠው ምናልባት የእነዚያ ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ነው። መፍትሔውም ዕቃ መግዛት ሳይሆን አዲሱን ቁጥር አስገብቶ እንደገና መፈለግ ነው።

አንቴና፦ የመርከብ እንጨት

ከሳተላይት በፊት የነበረው፣ ዛሬም በምድር ማሰራጫ የሚመጣውን ሞገድ የሚቀበለው ዕቃ አንቴና ነው። በጥንታዊው ላቲን "አንቴና" የመርከብ ሸራ የሚወጠርበት አግዳሚ እንጨት ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቴዎዶር ጋዛ የተባለ ግሪካዊ ሊቅ የአርስቶትልን የእንስሳት መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲተረጉም ከነፍሳት ራስ ላይ የሚወጡትን ቀጫጭን ቀንዶች በዚሁ ቃል ጠራቸው። በግሪክኛ ለቀንድና ለመርከቡ እንጨት ጫፍ የሚያገለግሉት ቃላት ተቀራራቢ ስለነበሩ ነው። በሥነ ሕይወት መማሪያ የአንበጣና የንብ አካል አንቴና የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሬዲዮ ያሻገረው ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው። ማርኮኒ እ.አ.አ በ1895 በቦሎኛ አቅራቢያ በአባቱ ርስት ላይ ሲሞክር ሽቦውን ከረጅም እንጨት ላይ ይሰቅል ነበር። በጣሊያንኛ የድንኳን ምሰሶ "አንቴና" ስለሚባል፣ እንጨቱ ከነሽቦው በዚሁ ስም ተጠራ። ከጊዜ በኋላ እንጨቱ ቀርቶ ስሙ ከሽቦው ጋር ቆየ።

በየጣሪያው የሚታየው፣ የዓሣ አጥንት የሚመስለው አንቴና ግን ሌላ የትውልድ አገር አለው። እ.አ.አ በ1920ዎቹ አጋማሽ ሂዴትሱጉ ያጊና ሺንታሮ ኡዳ የተባሉ የጃፓን ምሁራን የፈጠሩት በመሆኑ በሙያው ዓለም "ያጊ-ኡዳ" ይባላል። ዘንጎቹ ለጌጥ የተደረደሩ አይደሉም፤ ርዝመታቸውና ርቀታቸው በሞገዱ ልክ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ አንድ ዘንግ ሲሰበር በማንኛውም ሽቦ መተካት የአንቴናውን አቅም ይቀንሰዋል።

ሳተላይት፦ አጃቢው

"ሳተላይት" ከላቲኑ "ሳቴሌስ" የመጣ ነው፤ ትርጉሙም አጃቢ፣ ከጌታው አጠገብ የማይለይ ጠባቂ ማለት ነው። ጋሊልዮ እ.አ.አ በ1610 በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን ካየ በኋላ፣ በ1611 ዮሐንስ ኬፕለር ጨረቃዎቹን በዚህ ቃል ጠራቸው። ሶቪየት ኅብረት እ.አ.አ በ1957 ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት "ስፑትኒክ" ትባል ነበር፤ የሩሲያኛው ስምም "የመንገድ ጓደኛ" የሚል ነው። ሁለቱም ስሞች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ሳተላይት ከመሬት ጋር አብሮ ተጓዥ ነው።

የቴሌቪዥን ሳተላይቶች አጃቢነታቸው ልዩ ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ35 ሺህ 786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሆነው ልክ መሬት በራሷ ላይ በምትሽከረከርበት ፍጥነት ይዞራሉ። በመሆኑም ከመሬት ለሚያያቸው ሰው በአንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ይህ ባይሆን ኖሮ ሳህኑን ቀንና ሌሊት ማዞር ያስፈልግ ነበር። እንግሊዛዊው ጸሐፊ አርተር ክላርክ እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች ለመላው ዓለም መገናኛ እንደሚያገለግሉ እ.አ.አ በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቶ ነበር።

በኢትዮጵያ ቤቶች የታወቁት "ናይልሳት" እና "ኢትዮሳት" የሚሉት ስሞች አንድ ዓይነት ቢመስሉም ልዩነት አላቸው። ናይልሳት በዓባይ ወንዝ የተሰየመ የግብፅ ሳተላይት ሲሆን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ይገኛል። ኢትዮሳት ግን የአንድ ሳተላይት ስም አይደለም፤ ኤስ ኢ ኤስ የተባለው ኩባንያ ንብረት በሆነውና በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው "ኤን ኤስ ኤስ-12" ላይ ለተሰባሰቡ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የወጣ መጠሪያ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ከቻይና ያመጠቀቻት የራሷ ሳተላይት ደግሞ መሬትን ለመቃኘት የተሠራች እንጂ የቴሌቪዥን ሥርጭት የምትሸከም አይደለችም።

ልዩነቱ በጣሪያ ላይ ይታያል። ባሕር ዳር ላይ ለቆመ ሰው ናይልሳት በስተምዕራብ ዝቅ ብሎ፣ ኢትዮሳት ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጣቢያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ብዙ ቤተሰቦች ዲሻቸውን ማዞር ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። ዲሹ አልተበላሸም፤ የሚያየው አቅጣጫ ተለወጠ እንጂ።

ዲሽ፦ ከማዕድ ወደ ጣሪያ

"ዲሽ" በእንግሊዝኛ ምግብ የሚቀርብበት ሳህን ነው። ቃሉ ከግሪክኛው "ዲስኮስ" ይወለዳል፤ ይህም በጥንታዊ የስፖርት ውድድር የሚወረወረው ክብ ዕቃ ነበር። ሮማውያን "ዲስኩስ" ብለው ወሰዱት። "ዲሽ"፣ ሙዚቃና ፊልም የሚቀመጥበት "ዲስክ" እና የጽሕፈት ጠረጴዛ መጠሪያ የሆነው "ዴስክ" የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው።

አማርኛ ተናጋሪው "ሳህን" የሚለውን ቃል ለማዕድ ቤት ትቶ "ዲሽ" የሚለውን ለጣሪያ ሰጠው። ስለዚህ በአማርኛ "ዲሽ" ሲባል ምግብ የሚያስታውስ የለም። ከዕቃውም አልፎ ሙያ ወልዷል፤ "ዲሽ ሠሪ" በየከተማው የታወቀ መተዳደሪያ ነው።

ሳህን የሚለው ስም ቅርጹን ቢገልጽም ሥራውን ግን ይሸፍናል። የማዕድ ሳህን የተቀመጠለትን ይይዛል፤ ዲሽ ግን ምንም አይዝም። ሥራው የመስታወት ነው። ከሰማይ የመጣውን ደካማ ሞገድ በሙሉ ስፋቱ ተቀብሎ ፊት ለፊቱ ወዳለችው አንዲት ነጥብ ያንጸባርቃል። የጣሪያ አሸንዳ በሰፊው የወረደውን ዝናብ አሰባስቦ ወደ አንድ በርሜል እንደሚያፈሰው ማለት ነው። ጣሪያው ሰፊ ሲሆን በርሜሉ ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ሰፊ ዲሽም ብዙ ሞገድ ይሰበስባል።

መስታወት መሆኑን ማወቅ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛው፣ ዲሹ ከተጣመመ ሞገዱ ከነጥቧ ስለሚስት ድጋፉን እንጂ ፊቱን እየገፉ ማስተካከል ጉዳት ያመጣል። ሁለተኛው፣ መስታወት የሚያየው የተገለጠለትን ብቻ ነው። ዲሹ ሲተከል አጭር የነበረ ባሕር ዛፍ ከዓመታት በኋላ አድጎ ሊጋርደው ይችላል፤ በተለይ በክረምት እርጥብ ቅጠል ሞገዱን ያዳክማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መድኃኒቱ ቅርንጫፉን መቁረጥ ወይም ዲሹን ማዛወር ነው።

ኤል ኤን ቢ፦ ስሙ ሥራው የሆነ ዕቃ

ሞገዱ የሚሰበሰብባት ነጥብ ላይ በክንድ ተይዛ የምትታየው ትንሽ ዕቃ "ኤል ኤን ቢ" ናት። ስሟ የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ነው፤ "ሎው ኖይዝ ብሎክ"። "ሎው ኖይዝ" አነስተኛ ረብሻ ማለት ነው፤ ደካማውን ሞገድ ስታጎላው የራሷን ጩኸት ብዙም አትጨምርበትም። "ብሎክ" የሚለው ደግሞ ሙሉውን የሞገድ ክልል በአንድ ላይ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ እንደምታወርድ ያመለክታል።

ማውረዱ ያስፈለገው ከሳተላይት የሚመጣው እጅግ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በተራ ገመድ ውስጥ ሲጓዝ ስለሚሞት ነው። በሪሲቨር ማውጫ ላይ የሚታዩት 9750 እና 10600 የሚሉት ቁጥሮች የዚህ ሥራ መቀነሻዎች ናቸው። ለምሳሌ በ11 ሺህ ሜጋኸርዝ የመጣ ሥርጭት 9 ሺህ 750 ተቀንሶለት በ1 ሺህ 250 ሜጋኸርዝ ወደ ቤት ይገባል። ቁጥሮቹ በስሕተት ከተቀየሩ ዕቃው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ጣቢያ አይገኝም።

ኤል ኤን ቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ በመሆኗ ከዲሹ በተለየ ትበላሻለች፤ ውኃ ይገባባታል፤ መብረቅም ይጎዳታል። ኃይል የምታገኘው በዚያው ገመድ ከሪሲቨሩ ነው፤ ለቀጥታ ቋሚው ሞገድ 13 ቮልት፣ ለአግድሙ 18 ቮልት። በማውጫው ላይ ከፍሪኩዌንሲው አጠገብ "ቪ" እና "ኤች" በሚሉ ፊደላት የሚታየው ይህ ልዩነት ነው። የአንዱ ፊደል ጣቢያዎች በሙሉ ጠፍተው የሌላው ከታዩ ጥርጣሬው ወደ ኤል ኤን ቢው ወይም ቮልቱን ወደሚልከው ሪሲቨር ይዞራል። ገመዱን ነቅሎ መልሶ ለመሰካት ደግሞ በቅድሚያ ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ መንቀል ያስፈልጋል።

ኬብልና ገመድ

ከጣሪያ ወደ ቤት የሚወርደው "ኬብል" ስሙን ያገኘው ከከብት ነው። በኋለኛው ዘመን ላቲን "ካፑሉም" እንስሳ የሚያዝበት የራስ ማሰሪያ ነበር። የአማርኛው "ገመድም" ከብት ከሚታሰርበትና ጭነት ከሚጠፈርበት ዕቃ ወደ ኤሌክትሪክ ተሻግሯል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄደዋል።

የዲሽ ገመድ ግን መሐሉ ላይ ቀጭን መዳብ፣ ዙሪያውን ደግሞ የሽቦ መረብ ያለው ነው፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ ነጭ ፕላስቲክ ይለያቸዋል። ከመጋጠሚያው ላይ አንዲት የመረቡ ክር መሐለኛውን መዳብ ከነካች ሥርጭቱ ይቋረጣል። "ዲሹ ተበላሸ" ከሚያሰኙ ምክንያቶች በቀላሉ የሚጠገነው ይህ ነው።

ሪሲቨር፣ ዲኮደርና "ሴት ቶፕ ቦክስ"

"ሪሲቨር" በቀጥታ "ተቀባይ" ማለት ነው። "ዲኮደር" ደግሞ "ኮድ ፈቺ" ነው። "ኮድ" የሚለው ቃል ረጅም ታሪክ አለው። በላቲን "ካውዴክስ" የዛፍ ግንድ ማለት ነበር። ሮማውያን ከእንጨት በተፈለጡ ሰሌዳዎች ላይ ይጽፉ ስለነበር፣ ቃሉ "ኮዴክስ" ሆኖ የተጠረዘ መጽሐፍን መግለጽ ጀመረ። ከዚያ የሕግ መጽሐፍ፣ በመጨረሻም የምስጢር ምልክት ትርጉም ያዘ። ተመራማሪዎች በጣና ገዳማት የሚገኙትን የብራና ጥራዞች ዛሬም "ኮዴክስ" ይሏቸዋል። የገዳሙ ብራናና በሳሎን ያለው ዲኮደር በስም ይዛመዳሉ ማለት ነው።

በአገልግሎት ረገድ ሪሲቨር በነፃ የሚሰራጩ ጣቢያዎችን ተቀብሎ ያሳያል። ዲኮደር የሚለው ስም በአብዛኛው የሚሰጠው በየወሩ ክፍያ ለሚጠይቁና ምስላቸው ለተቆለፈ አገልግሎቶች ነው። ነፃ ጣቢያዎችን ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ሪሲቨር ይበቃዋል።

"ሴት ቶፕ ቦክስ" የሚለው ሦስተኛ ስም ደግሞ "ከቴሌቪዥን በላይ የሚቀመጥ ሳጥን" ማለት ነው። ስያሜው ቴሌቪዥኖች ጀርባቸው ወፍራም ከነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። ዛሬ በስስ ቴሌቪዥን ራስ ላይ ሳጥን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ስሙ ግን አልወረደም።

መስኮት፣ ስክሪንና ፕላዝማ

ምስሉ ጉዞውን የሚጨርሰው በ"ስክሪን" ላይ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ቃል በመጀመሪያ ከምድጃ የሚወጣውን ወላፈን የሚከላከል ጋሻ ነበር። ኋላ የተወጠረ ጨርቅን፣ ከዚያም በጨርቁ ላይ የሚያርፍን ምስል ወደ መግለጽ ዞረ። አማርኛ ግን "የቴሌቪዥን መስኮት" ይላል። አንዱ ቋንቋ ከመጋረድ ሲነሣ፣ ሌላው ከመክፈት ተነሥቷል።

በኢትዮጵያ ስስ ቴሌቪዥንን "ፕላዝማ" ብሎ የመጥራት ልማድ ሰፊ ነው። "ፕላዝማ" በግሪክ "ተቀርጾ የተሠራ ነገር" ማለት ነው። የደም ፈሳሽ ክፍል መጠሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሚዩር እ.አ.አ በ1928 በኤሌክትሪክ ኃይል ለተሞላ ጋዝ ሰጠው። የፕላዝማ መስኮት እ.አ.አ በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲፈጠር የታሰበው ለቤት መዝናኛ አልነበረም፤ "ፕላቶ" ለተባለ የኮምፒዩተር ማስተማሪያ ሥርዓት ነበር።

በኢትዮጵያም ስሙ የተስፋፋው በትምህርት በኩል ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ተማሪዎች ትምህርቱን ራሱን "ፕላዝማ" አሉት። ለማስተማር የተፈጠረው ዕቃ ሩቅ ተጉዞ በክፍል ውስጥ ተገኘ።

ዛሬ ግን ስሙ ገዢን ያሳስታል። ታላላቆቹ አምራቾች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ማምረት ያቆሙት እ.አ.አ በ2013 እና 2014 ነው። አሁን በሱቅ "ፕላዝማ" ተብለው የሚሸጡ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው "ኤል ሲ ዲ" ናቸው፤ "ኤል ኢ ዲ" የሚባሉትም ብዙዎቹ እነዚሁ ሆነው ከጀርባ በጥቃቅን የኤል ኢ ዲ መብራቶች የሚበሩ ናቸው። የሚጠገኑበት መንገድም ከፕላዝማው የተለየ ነው። ስለዚህ ለባለሙያ ሲነገር ከጀርባው ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ማሳየት ከስሙ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ሪሞት፦ ከሩቅ

"ሪሞት" ከላቲኑ "ሬሞቱስ" የመጣ ሲሆን "ራቅ ያለ" ማለት ነው። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.አ.አ በ1950 ያቀረበው ሪሞት ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ የተያያዘ ነበር። በ1955 ዩጂን ፖሊ በብርሃን የሚሠራ ሪሞት ፈጠረ፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ቴሌቪዥኑ በራሱ ጣቢያ ይቀይር ነበር። በ1956 ሮበርት አድለር ያዘጋጀው ደግሞ ባትሪ አልነበረውም፤ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ መትታ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ታወጣ ነበር።

የዛሬዎቹ ሪሞቶች በአብዛኛው "ኢንፍራሬድ" በተባለ፣ በዓይን በማይታይ ብርሃን ይሠራሉ። ስሙ "ከቀይ በታች" ማለት ነው። ዓይን ባያየውም የብዙ ስልኮች የፊት ካሜራ ያየዋል። ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ቁልፉን ሲጫኑ በስልኩ ላይ ብልጭታ ከታየ፣ ሪሞቱ ብርሃን እየላከ ነው።

ስሙን ለይቶ መጥራት

እነዚህ ስሞች ወደ አማርኛ የገቡት በሁለት መንገድ ነው። "ሥርጭት"፣ "ሞገድ"፣ "ጣቢያ" እና "መስኮት" ሕዝቡ ከራሱ ቋንቋ የሰጣቸው ናቸው፤ ሰሚው ትርጉማቸውን ሳይጠይቅ ይረዳል። "ዲሽ"፣ "ኤል ኤን ቢ"፣ "ሪሲቨር" እና "ፕላዝማ" ደግሞ ከዕቃው ጋር ተጭነው የመጡ ናቸው። ትርጉማቸው ካልተነገረ በስተቀር ሥራቸውን ስለማይገልጹ በቀላሉ ይደበላለቃሉ።

ለባለሙያ ከመደወል በፊት ጥቂት ነገሮችን መለየት ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። የጠፉት ጣቢያዎች ሁሉም ናቸው ወይስ ጥቂቶች? ችግሩ የመጣው ከነፋስ ወይም ከመብረቅ በኋላ ነው? ዲሹን የሚጋርድ ዛፍ አድጓል? የገመዱ መጋጠሚያ ጠብቋል? ሪሲቨሩ ይበራል? እነዚህን የመለሰ ሰው "ዲሹ ተበላሽቷል" በማለት ፈንታ "ሪሲቨሩ ይበራል፤ የ'ኤች' ጣቢያዎች ብቻ ጠፍተዋል" ሊል ይችላል። እንዲህ የሰማ ዲሽ ሠሪም የትኛውን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ባለቤቱም የሚከፍለው ለተበላሸው ዕቃ ብቻ ይሆናል።